ከለቅሶው ድንኳን በላይ የተንጠለጠለው ዋልካ

መጀመሪያ ያየሁት ዱቄት ነው። የሲሚንቶ ዱቄት። ዝናብ እየወረደ ደረቅ ዱቄት ከየት መጣ ብዬ ጎንበስ ስል፣ የበረንዳዬ መደገፊያ ብረት ግድግዳው ውስጥ የገባበት ቦታ አፉን ከፍቷል። ጣቴን ሰደድኩበት። ገባ። ቀና ስል ዓይኔ ገመዱ ላይ አረፈ። የለቅሶው ድንኳን ገመድ የታሰረው በእኔ ብረት ላይ ነው። ሸራው ላይ ውሃ ቋጥሯል፤ ውሃው ሲከብድ ገመዱ ይወጠራል፣ ገመዱ ሲወጠር ብረቱ ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል። በዚያው ብረት ላይ በውጭ በኩል አምስት የአበባ ጀሪካኖቼ በሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ አምስቱም እስከ አፋቸው ጭቃ።

ከስር ሰው ነው። በሸራውና በግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት ቁልቁል ሳይ የልጄ ሻሽ ታየኝ። ንፍሮ በሳህን ይዛ ለለቅሶኛው ታድላለች፤ ልክ ከጀሪካኖቹ ስር።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ልጄ ታውቀዋለች፣ ክፍለ ሀገር የሚሠራው አባቷም ያውቀዋል። አበባውም የመጣው በዚሁ ፍርሃቴ ምክንያት ነው። ምን በወጣኝ!

ልጄ ናት ያመጣችው። አንድ ቀን ታክሲ ተሳፍረን ከመርካቶ ስንመለስ እጇን ጨምድጄ ይዤ ቆየሁና ኮልፌ ስንወርድ፣ «እማ፣ አንቺ እኮ ታክሲ ውስጥ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትሄጂው» አለችኝ።

«እና ልክፈተው? ሹፌሩ ራሱ ጨፍኖ ነው የሚነዳው።»

«እንዲህ ሆነሽ አይዘለቅም። አበባ ትከዪ። አበባ መትከል ጭንቀት ያቀላል ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«ሰዎች ናቸዋ።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። አንዲት ሴትዮ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ በአበባ ተከባ ትስቃለች። የሴትዮዋ በረንዳ የእኔን ሳሎንና መኝታ ቤት አንድ ላይ ያህላል። እኔ አንደኛ ፎቅ ነኝ፤ በረንዳዬ ላይ የውሃ በርሜል አለ፣ የከሰል ምድጃ አለ፣ ባኞ አለ፣ የልብስ ገመድ አለ፤ ሰው ሲወጣ በጎኑ ነው የሚወጣው። «እዚህ ምኑ ጋ ነው የሚተከለው?» ብላት፣ «በውጭ በኩል ይንጠለጠላላ!» አለች። ለእሷ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። የምታንጠለጥለው እኔ ነኛ!

እሺ ብዬ ተነሳሁ። የዘይት ጀሪካን ከየሱቁ ለቅሜ፣ አጋድሜ፣ በጋለ ቢላ ከጎኑ ቀደድኩት። ከ18 ማዞሪያ አለፍ ብሎ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሰውዬ አለ፤ እሱ ጋ ሄድኩ። ጽጌረዳ ገዛሁ፤ አንድ ስሟን የማላውቃት ቀይ፣ ቅጠሏ ሲነኩት የሚሸት አበባ ደግሞ፣ «ይቺ አትሞትም» ብሎ አሸከመኝ። ካልሞተች እኔን አያውቀኝም ማለት ነው።

«ማዘር፣ ቀይ አፈር፣ አሸዋና ፍግ ይቀላቅሉ» አለኝ። «ጀሪካኑን ደግሞ ከስሩ ይብሱት። አበባ ዓሣ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ አይኖርም።»

በሆዴ ሳቅኩበት። አሸዋ? አሸዋ ለግንብ እንጂ ለዘር ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እኔ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ብዙም ሳልቆይ ነው የወጣሁት፣ አፈር ግን ማንም አያስተምረኝም ብዬ ነበር። አባቴ ጤፍ የሚያፍሰው ከዋልካ ላይ ነበር። ጥቁር፣ የሰባ፣ እግር ይዞ የማይለቅ አፈር። ቀይ አፈር እኛ ዘንድ ሌላ ያጣ ሰው የሚያርሰው ነው። እና ከሰፈራችን ጀርባ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የወጣ ዋልካ እንደ ተራራ ተከምሮ አየሁና ደስ አለኝ። ይኸን የመሰለ አፈር ሜዳ ላይ ጥለው፣ ሰውዬው አሸዋ ግዢ ይለኛል! በማዳበሪያ ከረጢት እየተሸከምኩ አመላለስኩት። ወገቤ ቅንጥስ ሊል ደረሰ። ጀሪካኖቹን ሞልቼ፣ አበቦቹን ተክዬ፣ በሽቦ ጠፍሬ በብረቱ ላይ አንጠለጠልኳቸው። ከታች ሆኜ ወደ ላይ ሳያቸው፣ እውነቴን ነው፣ አማሩልኝ።

ደስታው አልከረመም። መብሳቱን ሰውዬው እንዳለኝ በስቼ ነበር። አጠጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ከምድር ቤት ድምፅ መጣ።

«አንቺ! ነጠላዬ ላይ ምንድነው ያፈሰስሽብኝ?»

ምድር ቤት፣ ልክ ከእኔ ሥር የምትኖረው ጎረቤቴ ናት። ሽማግሌ አባቷን ይዛ ትኖራለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ አበባ አጠጥቼ ነው።»

«አጠጥተሽ? ውሃ በፈረቃ ስትመጣ ሌሊት ተነስቼ ቀድቼ ያጠብኩትን ጭቃ ትቀቢልኛለሽ? ስንት ሰው ውሃ የሚጠጣው አጥቶ አንቺ ቅጠል ታጠጫለሽ! ጎመን ብትተክዪ እንኳ ለወጥ ይሆን ነበር።»

አባቷ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። «ተዪያት» አሏት። «ከላይ የሚወርድ ሁሉ በረከት ነው።»

«በረከቱን እርስዎ ይጠቡልኛ!» አለቻቸው።

እየደጋገመ ያው ሆነ። ባጠጣሁ ቁጥር ጠብ። ማለዳ ላጠጣ ብል ማታ ያሰጣችው ልብስ አድሯል፤ ማታ ላጠጣ ብል በርበሬ አስጥታለች። በመጨረሻ ከሰው ከምጣላ ብዬ ፌስታል በሻማ አቅልጬ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ጠብ ጠብ አድርጌ ደፈንኳቸው። ጠብታው ቆመ። ጠቡም ቆመ። እኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በበጋው ዋልካው ደርቆ ተሰነጠቀ። የጽጌረዳዎቹ ሥር በስንጥቁ ውስጥ ወጥቶ ይታያል፣ እንደተራበ ከብት ጎድን። ውሃ ስጨምርበት ዋልካው ከላይ ርሶ ከስር ድንጋይ ነው። ጽጌረዳዎቹ ሞቱ። ሌላ ገዛሁ። እነሱም ሞቱ። ቀይዋ ብቻ አልሞት አለች፤ አላበበችም፣ አልሞተችም፣ ዝም ብላ ታየኛለች። ልጄን፣ «የታለ የተባለው ዕረፍት?» ብላት፣ «እማ፣ ትዕግሥት ይጠይቃል» ትለኛለች። እሷ አንድ ቀን አንድ ጣሳ ውሃ ስታፈስ አላየኋትም። ፎቶ ግን ታነሳለች።

ክረምት ገባ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ ማንም ገበሬ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ማሳ ላይ ግን ውሃው በፈሰስ ይሄዳል፤ አባቴ ቦይ ያወጣለት ነበር። የደፈንኩት ጀሪካን ምን ቦይ አለው? ሰማዩ ያወረደው ሁሉ እዚያው ቀረ። ጀሪካኖቹ ሆዳቸው ተነፋ። ጭቃው ገማ። እና፣ ጉድ ነው፣ ያቺ ቀይ አበባ ከዚህ ሁሉ ግማት ላይ ቀና ብላ አበበች! ደማቅ፣ ደም የመሰለ። ልጄ እየዘለለች፣ «አላልኩሽም!» አለች።

በዚያው ሰሞን ብረቱ ዘንበል ያለ መሰለኝ። ስደገፈው ይነቃነቃል። ለልጄ ነገርኳት።

«እማ ደግሞ ጀመራት» አለች። «ባለፈው ደረጃው ሊፈርስ ነው አልሽ። ከዚያ በፊት የመብራቱ ገመድ ሊፈነዳ ነው አልሽ።»

ልክ ናት። ብዬ ነበር። ሁሉን ነገር ሊሆን ነው እያሉ መኖር ክፋቱ ይኸ ነው፤ እውነት ሊሆን ሲል የሚያምንሽ የለም። እኔ ራሴም አላመንኩትም፤ ሂጂ አንቺ ፈሪ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የጎረቤቴ አባት አረፉ። ዱካቸው በር ላይ እንዳለች፣ ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ። እድሩ ወንበርና ድንኳን ይዞ መጣ። ድንኳኑ የተተከለው በእኛ ብሎክ ግድግዳ ሥር ነው። ሦስቱን ማዕዘን በምሰሶ አቆሙትና ለአራተኛው የእድሩ ዳኛ አንጋጠው ጠሩኝ።

«እህቴ! ገመዷን በብረትሽ ላይ እንሰራት?»

«ጋሼ፣ ብረቱ ትንሽ ይነቃነቃል መሰለኝ።»

«አይዞሽ፣ ድንኳን ነው እንጂ ዝሆን አይደለም የምናስረው!»

ሰው ሳቀ። ለለቅሶ ቤት ደግሞ እምቢ አይባል። «እሰሩት» አልኩ።

በማግስቱ ነው እንግዲህ። ሰዉ ተቀምጧል፣ ዝናቡ ወረደ። ታች ብርጭቆ አነሰ ሲባል ላመጣ ወደ ቤቴ ወጣሁ፤ የበረንዳው በር በነፋስ ሲማታ ልዘጋ ስል ነው ያንን ዱቄት ያየሁት።

አንዱን ጀሪካን ይዤ ወደ ውስጥ ልስበው ሞከርኩ። አይነቃነቅም፤ የእህል ጆንያ በሉት። ሽቦውን ራሴ እንዳይፈታ ብዬ ጠምዝዤዋለሁ፤ አሁን ዝጎ ጣቴን ቆረጠኝ። ቢላ አምጥቼ የድንኳኑን ገመድ ልቁረጥ ብዬ ደግሞ ሸራውን አየሁት። የቋጠረው ውሃ በሬ ያስዋኛል። ከቆረጥኩት ከነምሰሶው በሰው ራስ ላይ ሊወርድ ነው። ታች አንዱ ውሃውን ለማፍሰስ ሸራውን በእንጨት ወደ ላይ ይገፋል፤ በገፋ ቁጥር ገመዱ ብረቱን ጎተት፣ ግድግዳው ዱቄቱን ትፍ ያደርጋል። እረፍ፣ አትግፋ፣ የሰው ልጅ!

«ኡ ኡ ኡ!» ብዬ ጮኽኩ። «ውጡ! ከሥሩ ውጡ!»

ዝናቡ ሸራው ላይ እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣል። ከእኔ ቃል ታች የደረሰው «ኡ ኡ»ው ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት «ኡ ኡ» ሲባል ደግሞ ምን ይደረጋል? ይለቀሳል። አንዷ ተቀበለችኝ፣ ሌላዋ ተከተለች፤ ዝም ብሎ የነበረው ድንኳን እንደ አዲስ ተነሳ። ጭራሽ ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ጎረቤቴ በክፍተቱ አንጋጣ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ «ውረጂ እህቴ! ብቻሽን አታልቅሺ!» ትለኛለች።

«ለቅሶ አይደለም! ጀሪካኑ ነው!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ትላለች። ምኑን ነው የምታውቂው!

ልጄ ጋ ስልክ ደወልኩ። ኩሽናዬ ውስጥ ጮኸ። ቻርጅ ላይ ትታው ወርዳለች። ሃያ አራት ሰዓት ከእጇ የማይለየው ስልክ! በዚያች ሰዓት በቃ ልፈነዳ ነበር።

ወርጄ ልናገር አልኩ። ወዲያው ደግሞ ታየኝ። እኔ፣ ደረጃው ሊፈርስ ነው ባይዋ፣ ገብቼ ድንኳኑ ሊወድቅ ነው ብል፣ ገሚሱ «ተቀመጪ፣ ውሃ ስጧት» ይለኛል። ያመነኝ ገሚስ ደግሞ በአንዴ ዘሎ ምሰሶውን ይገፋል፣ ገመዱን ይጎትታል፤ ያው የፈራሁት በእጃችን ይሆናል። ለቅሶኛን ያለ ግርግር ከመቀመጫው የሚያስነሳ ምንድነው? አንድ ነገር ብቻ ነው። የሟች ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ። ዘመድ በበር እያለቀሰ ሲገባ ማንም ተቀምጦ አይጠብቀውም፤ ሽማግሌም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ተነስቶ ወጥቶ ይቀበለዋል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ጫማዬ አንዱ ቀርቷል። በብሎኩ ጀርባ ዞሬ፣ በግቢው ዋና በር በኩል ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ፤ አባቴ በሞተ ጊዜ ብቻ ባወጣሁት ድምፅ አወጣሁት።

«ወይኔ አባብዬ! ደጅዎ ጭር አለ ወይ! ወይኔ እኔን!»

ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። የእድሩ ዳኛ ድምፅ፣ «ዘመድ መጥቷል፤ ተነሱ፣ ተቀበሉ!» አለ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ በዝናቡ ወጡ። መጡልኝ። እኔ ወደፊት አልሄድኩም፤ በሩ ጋ ቆሜ ደረቴን እየመታሁ ሰዉን ወደ እኔ እጎትታለሁ። ጎረቤቴ ቀድማ ደርሳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና በእሷ ትከሻ ላይ ድንኳኑን አየሁት። ባዶ ነው።

ባዶ አይደለም። ልጄ ቆማለች። ንፍሮዋን ይዛ፣ እዚያው ግድግዳው ሥር፣ አፏን ከፍታ እናቷን ታያለች። አፍራለች! እናቷ አበደች ብላ ነው የቆመችው። ከበላይዋ ቀይዋ አበባ ወደ ታች ተደፍታ ትወዛወዛለች።

«ነይ ልጄ! ደግፊኝ!» አልኳት።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች፤ አትንቀሳቀስም። ከመቼ ወዲህ ነው ይቺ ልጅ በአንድ ጥሪ የመጣችው!

ሌላ መላ አልነበረኝም። ራሴን ለቀቅኩት። ጭቃው ላይ በጀርባዬ ወደቅኩ። «ወደቀች! ወደቀች!» አሉ። ልጄ ሳህኑን ወርውራ፣ «እማዬ!» እያለች ሮጠች። ጉልበቷን ጭቃው ላይ ስታሳርፍ፣ ቀሚሷን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ብረቱ ከግድግዳው ወጣ። ሸራው ተቀደደ፣ ውሃው ዘጭ አለ፣ ጀሪካኖቹም ተከታትለው ወረዱ፤ አግዳሚ ወንበሩን ለሁለት ሰበሩት። ንፍሮው፣ ዋልካው፣ አበባው አንድ ላይ ተለወሰ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

ጎረቤቴ ወንበሩን አየች። ተቀምጣ የነበረችበት ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ይሄ... ያንቺ አበባ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ስታለቅሺ የነበረውስ?»

«መጀመሪያ ከሥሩ ውጡ ነበር የምለው። አልሰማ አላችሁኝ።»

«አንቺ ሴትዮ!» አለች፤ መሳቅም ማልቀስም እኩል መጡባትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አንቺ ሴትዮ፣ አባቴን እንደ አዲስ አስለቀስሽኝ እኮ፤ ደግሞ ከልብ ነበር!»

«ከልቤ ነው ያለቀስኩት» አልኳት። ነበርም።

የእድሩ ዳኛ ወደ ድንኳኑ ሄደው ጭቃውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ዓይናቸው ከእኔ ጋር እንዳይገናኝ ጎንበስ ብለዋል። «አበባ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ይሄ እኮ የጤፍ ማሳ ነው።»

«ነግሬዎት ነበር ጋሼ፤ ይነቃነቃል ብዬዎት ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር» አሉ። «እውነት ነው፣ ብለሽኝ ነበር።» ከዚያ ዞረው ወንዶቹን፣ «ማንም ግድግዳው ሥር እንዳይቆም! ከላይ የቀረውን ስባችሁ አስገቡት!» ብለው ጮኹ። ብረቱ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ከእኔ ቤት ሆነው ስበው አስገቡት። ወንበሩን ወደ ወዲያኛው ብሎክ አዞሩት፣ ለቅሶኛው እዚያ ተቀመጠ።

ጎረቤቴ እኔንና ልጄን ምድር ቤት ወደ መኝታ ቤቷ አስገባችን። የራሷን ቀሚስ አውጥታ አለበሰችኝ፤ ጠበበኝ። «በዚህ ሐዘን ላይ የልብስ ማጠብ ሥራ ጨመርሽልኝ» እያለች ጭቃዬን ከፀጉሬ ትጠርጋለች። እኔም፣ «ማን እጠቢ አለሽ፣ ራሴ አጥበዋለሁ» እላታለሁ። ልጄ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ጉያዬ ገብታለች። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ገብታልኝ አታውቅም። እጇን አየሁ፣ ራሷን ዳበስኩ፣ ጀርባዋን ዳበስኩ። አንድ ጭረት የለባትም።

«እማ፣ እየፈራሽ ነው?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «አሁን አልፈራሁም። ማንም አልተጎዳም፣ አንቺም እዚሁ ነሽ። ተርፈናል።»

ከጎረቤቴ አልጋ ላይ ጀርባዬን ወደ ግድግዳው አስደግፌ ተቀመጥኩ። በዚያች ሰዓት እውነትም ደህና ነበርን።